ባንዲራ ያዥዋ መኪና ስትመርጥ

ካዙሃ ኦባታ ሁለት ዓመት ሙሉ ባንዲራ ያዘች። ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ባንዲራ! የዮኔዛዋ ከተማ የምህንድስና ተማሪዎች የመኪና ክበብ በወር አንድ እሑድ ተራራው ላይ ይወጣል። በረዶ ሲጠፋ ባዶውን በሚቀረው የበረዶ መንሸራተቻው መኪና ማቆሚያ ላይ የፕላስቲክ ኮን ይደረድርና በመሐሉ እየተጠማዘዘ በሰዓት ይወዳደራል። መኪና ያለው ይነዳል። መኪና የሌለው የወደቀ ኮን ያነሳል፣ ሰዓት ይጽፋል፣ ባንዲራ ይይዛል። ካዙሃ መኪና የላትም። እጇን ሽቅብ አንስታ ትቆማለች፤ ባንዲራውን ስታወርድ ወንዶቹ ጎማ እያስጮኹ ይፈተለካሉ፤ እሷ ጭሱን እየማገች ትቀራለች።

ደግሞ እኮ ከሁሉም የተሻለ ዓይን ያላት እሷ ናት! ማን ፍሬን ዘግይቶ እንደያዘ፣ ማን መሪውን ቀድሞ እንደጠመዘዘ ከቆመችበት ታያለች። አንድ ቀን አንዱን፣ «ሦስተኛው ኮን ላይ ቸኮልክ፤ ትንሽ ብትታገሥ ግማሽ ሴኮንድ ታተርፍ ነበር» አለችው። ልጁ ዞር ብሎ፣ «ኧረ ጉድ ነው፣ ባንዲራዋም መናገር ጀመረች!» አለና ጓደኞቹን አሳቀባት። በሚቀጥለው ዙር ያለችውን አደረገ። ግማሽ ሴኮንድም አተረፈ። አመሰግናለሁ ግን አላለም። የእኔን ደም የሚያፈላው ይሄ ነው።

የምትፈልጋትን መኪና ታውቃታለች። ዝቅ ያለች፣ ሁለት በር ያላት፣ ማርሿ በእጅ የሚገባ፣ ቀለል ያለች፣ መሪዋን ሲነኩት ወዲያው እሺ የምትል። አዲስ አልተመኘችም፤ ተማሪ ናት፣ ልኳን ታውቃለች። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ምሳ በሣጥን እያሸገ በሚሸጥ ኩሽና ውስጥ ራዲሽ ስትከትፍ፣ ዓሣ ስትጠብስ ቆይታ፣ ፀጉሯ የዓሣ ዘይት እየሸተተ ክፍል ትገባለች። በሁለት ዓመት ያጠራቀመችው አንዲት መኪና ይገዛል። ሁለት አይገዛም። ከተሳሳተች እስክትመረቅ ድረስ ባንዲራ ያዥ ሆና መቅረቷ ነው።

ታዲያ ለዚች አንዲት መኪና ምክር ያልሰጣት ሰው የለም። እናቷ ከኦጉኒ ተራሮች ደውላ፣ «ዕቃ የት ልታስገቢበት ነው?» አለቻት።

«እማዬ፣ ምን ዕቃ አለኝ?»

«ሩዝ አለልሽ! ሠላሳ ኪሎ ሩዝ ልልክልሽ ነው። በሩ ወደ ጎን የሚከፈተውን፣ እንደ ሣጥን ቀጥ ያለውን ግዢ። ሰው ሁሉ የሚነዳው እሱን ነው።»

«ሩዙን ከጎኔ አስቀምጬ ቀበቶ አስርለታለሁ።»

«አይ አንቺ! ቁርጥ አባትሽን!» አለችና ስልኩን ዘጋች።

የመንጃ ፈቃድ አስተማሪዋማ የባሰ ነበር። «ለሴት አውቶማቲክ ይበቃታል፤ ምን ፍሪሲዮን ሲረግጡ መዋል ነው?» ብሎ ዳገት ላይ አወጣት። ሞተሩ በጠፋባት ቁጥር ጮክ ብሎ ይቆጥርላታል። አንድ! ሁለት! ሰባት ድረስ ቆጠረ፤ በጣቱ ሳይቀር። በስምንተኛው ዳገቱን ወጣችው። ያን ጊዜ አልቆጠረም።

እሷ ግን ሥራዋን ሠርታለች። ደብተር ይዛ የከተማዋን ያገለገለ መኪና መሸጫ አንድ በአንድ ዞረች። ርካሽ ዋጋ ሲያይ ምራቁን የሚውጥ ሞኝ ነው፤ የሚጠየቀው ሌላ ነው። የመንግሥት ምርመራው፣ ማለት ቦሎው፣ መቼ ያልቃል? የበረዶ ጎማ አብሮ ይሰጣል? ለሃያ ዓመት ልጅ ኢንሹራንሱ ስንት ነው? መጀመሪያ ያየቻት ቀይ መኪና ዋጋዋ ደስ ይል ነበር፤ ቦሎዋ ግን ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሁለተኛዋን የቀድሞ ባለቤቷ ዝቅ እንድትል ብሎ ሞላዋን በመጋዝ ቆርጦታል። ካዙሃ፣ «ይሄ በምርመራ ያልፋል?» ስትል ሻጩ ምን ቢላት ጥሩ ነው? «በጓሮ በጓሮ ንጂያት፤ ማን ያይሻል?» ደብተሩን ዘግታ ወጣች።

ሦስተኛዋን የጠቆማት ቶጋሺ ነው። ቶጋሺ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ የክበቡ ፈጣን ነጂ፣ ታናናሾቹ ሁሉ «ጋሼ» የሚሉት ልጅ ነው። ከትምህርት በኋላ ኦኖዴራ የሚባል ሰው የመኪና መሸጫ ውስጥ ይሠራል። አንድ ቀን ካፍቴሪያ ውስጥ ፊት ለፊቷ ተቀመጠና፣ «ኦባታ፣ መኪናሽን አገኘኋት» አላት። መኪናሽን! ይሄን ቃል ማንም ብሏት አያውቅም።

አላበለም፤ መኪናዋ ታምራለች። ብርማ፣ ባለ ሁለት በር፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ዕድሜ፣ ማርሹ ጠቅ ብሎ የሚገባ። ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ቦሎ፣ የበረዶ ጎማ ከነቸርኬው፣ ዋጋው ደግሞ ካዙሃ ኪስ ውስጥ ገብተው የለኩት ይመስላል። ሰፈሩን አንድ ዙር ነዳቻት። በሦስተኛ ማርሽ ወንዙ ዳር ያለውን ኩርባ ስትይዘው ሳታስበው ሣቀች። ሲመለሱ ግን አንድ የሚቃጠል ነገር ሸተታት።

«ምንድን ነው፣ ጋሼ?»

«አዲስ ቀለም ነው። ከሥሯ ዝገት መከላከያ ተቀብታለች። ሽታው በሳምንት ይጠፋል።»

ወርዳ መሬት ላይ ተጋደመችና የመኪናዋን ሆድ አየች። አዎ፣ አይታለች! ሴት ናት አላየችም የሚለኝ ካለ ይምጣ! ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም ነው። ደስ አላት።

በረዶ በማያውቅ አገር ያደገ ሰው ቢሆን፣ «ይሄ ቀለም ምን ሊሸፍን ነው?» ባለ ነበር። እኛ ዘንድ ግን ክረምቱን ሙሉ መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል፤ ጨው ብረት ይበላል። ስለዚህ መኪናውን የሚወድ ሰው በየዓመቱ ሆዷን ጥቁር ያስቀባል። የካዙሃ አያት ያቺን ትንሽ የጭነት መኪናቸውን ሳያስቀቡ በረዶ ወድቆ አያውቅም። ጥቁር ሆድ ማለት እኛ ዘንድ ጥሩ ባለቤት ማለት ነው። ልጅቷ ያደገችበትን አመነች፣ በዚያ ላይ ጋሼ ያለችውን ሰው አመነች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ።

ቅዳሜ ጠዋት፣ እኛ ዘንድ በፊርማ ፈንታ የሚታተመውን የስሟን ማኅተም ይዛ ልትመጣ ተስማሙ። ከዚያ በፊት አንድ ወረቀት ቀረ። መኪና የምታቆምበት ቦታ እንዳለህ ካላሳየህ መኪና በስምህ አይዞርም፤ ወረቀቱ ላይ ባለቦታው ማተም አለበት። የካዙሃ ባለቦታ ደግሞ አከራይዋ እትዬ ሚትሱ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ ከሟች ባላቸው ጋር ሠላሳ ዓመት ነዳጅ ማደያ ነበራቸው።

ዓርብ ከሰዓት ስትሄድ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ለማድረቅ የሚሰቅሉትን ካኪ የሚባል ፍሬ ይልጣሉ። ስለ መኪናዋ እየነገረቻቸው ወረቀቱን በመነጽራቸው አዩት።

«ከሥሯስ አይተሻታል?»

«ንጹሕ ናት፣ እትዬ። አዲስ ተቀብታለች፤ እንዲያውም ገና ይሸታል።»

የሚልጡበት ቢላ ቆመ። «ይሸታል? መኪናዋ ቆማ ሳለ ነው ወይስ ከነዳሻት በኋላ?»

«ከነዳኋት በኋላ።»

«አላትምም» አሉና ወረቀቱን መለሱላት።

ካዙሃ ፊቷ ቀላ። ይሄን ያህል ጊዜ የዋጠችው ሁሉ አንገቷ ድረስ መጣባት። እናቷ፣ አስተማሪዋ፣ ወንዶቹ፣ አሁን ደግሞ እኚህ አሮጊት! «ለምን? ሴት ስለሆንኩ ነው? ስፖርት መኪና ስለሆነች ነው? ኪራይ አሳልፌብዎት አውቃለሁ? እኔ አንድ ነገር በፈለግሁ ቁጥር ምነው ሰው ሁሉ በር ላይ የሚቆምብኝ?» አለች።

እትዬ ሚትሱ ካኪውን ሳህን ላይ አስቀመጡ። «ጨረስሽ? እንግዲህ ስሚኝ፣ ልጄ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በእነዚህ እጆቼ ቀብቻለሁ። ለመጠበቅ የሚቀባ ሰው የጭስ ማውጫውን ማርሚታ በወረቀት ይሸፍናል፤ ማርሚታ ይግላላ፣ ቀለሙን ያነደዋል። ያቺ መኪና ስትነዳ ከሸተተች ማርሚታዋም ተቀብቷል። ሁሉንም ነገር የቀባ ሰው ቸኩሏል። ደግሞ ገና በጥቅምት ማን ያስቀባል? ሰዉ የሚያስቀባው በረዶ ሊጥል ሲል ነው።»

ካዙሃ ወረቀቱን አጥፋ ያዘች።

አሮጊቷ ገብተው እጀታው በላስቲክ የተጠቀለለ ትንሽ መዶሻ ይዘው ወጡ። «ከበሩ ሥር ያለውን ብረት ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ አንኳኪው። ደህና ብረት ይጮኻል። ከጮኸ ተመልሰሽ ነይ፣ አትምልሻለሁ፤ ተንበርክኬ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት ኦኖዴራ ሻይ በወረቀት ኩባያ ቀድቶ፣ የማኅተሙን ቀይ ቀለም ከፍቶ ጠበቃት። «ነይ ነይ፣ እንኳን ደስ አለሽ! ማኅተምሽን ይዘሻል?»

«ይዣለሁ። መዶሻም ይዣለሁ።»

ሰውዬው ሣቀ፤ ቀልድ መሰለው። እሷ ግን ግቢው ውስጥ የነበረውን ክሪክ ጎትታ መኪናዋን በአንድ ጎን ከፍ አደረገችና ሥሯ ገባች። ከፊት ጎማው ጀመረች። ቃ! ቃ! ቃ! ብረቱ ይጮኻል። በልቧ እትዬ ሚትሱን ተሳደበች። ቃ! ቃ! በሩ መሐል ላይ ስትደርስ ግን፣ ዱፍ። እንደገና መታችው። የመዶሻው ራስ ጥቁሩን ቀለም ቀዶ ወደ ውስጥ ገባ። ቡናማ ብስባሽ እንደ ደረቅ ቅጠል ጉንጯ ላይ ረገፈ።

ያ ብረት እኮ በር የሚያርፍበት፣ መኪና ከጎን ሲመታ ሰው የሚያተርፍ ብረት ነው! ብረቱ ግን የለም። ያለው ቀለም ነው። ቀለም ብቻ!

ኦኖዴራ ጎንበስ ብሎ አየና ፈገግታው ሳይጠፋ፣ «እንግዲህ ያገለገለ መኪና ነው፤ ዕድሜም አለ። ሃምሳ ሺህ የን እቀንስልሻለሁ» አላት።

«ዝገቱንስ ይቀንሱልኛል?»

መልስ አልጠበቀችም። ከረገፈው ዝገት እፍኝ ያህል በወረቀት ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና ወደ ጓሮ ዞረች። ቶጋሺ የጎማ ክምሩ ጋ ቆሞ አላየሁም ለማለት ያህል የታጠበ ጎማ ያጥባል። የሥራ ልብሱ እጅጌ እስከ ክርኑ ጥቁር ነው።

«ጋሼ፣ ማነው የቀባት?»

ውሃው ይፈስሳል።

«እጅጌዎን እያየሁት ነው።»

«አለቃዬ አዘዘኝ» አለ ቶጋሺ። «ምን ላድርግ? ደግሞ ሁለት ዓመት ቦሎ አላት። እስክትመረቂ ታደርስሻለች ብዬ ነው።»

«ሳልመረቅ ከጎን ብመታስ?»

ቶጋሺ ጎማውን ገልብጦ ማጠቡን ቀጠለ።

«ለምን እኔ? ክበቡ ውስጥ መኪና የሚፈልግ ሞልቷል።»

«ወንዶቹ ይነካካሉ፣ ያንኳኳሉ። አንቺ ግን…» አለና አቋረጠ።

«እኔ ግን ባንዲራ ያዥ ነኝ።»

አይደለም አላለም። ወይ ነዶ! አንድ ጊዜ እንኳ «ኧረ እንደሱ አይደለም» ብሎ ቢዋሽላት ምን ነበረበት! ካፍቴሪያ ውስጥ «መኪናሽን» ያላት አፍ እኮ ነው! ካዙሃ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። መዶሻዋን ይዛ በእግሯ ሄደች።

እትዬ ሚትሱ ጉንጯ ላይ የቀረውን ቡናማ ነገር አይተው አልጠየቋትም። ወረቀቱን ተቀበሉ፤ የመኪናው ዓይነት የሚጻፍበት ባዶ እንደሆነ፣ ካኪ በነካው እጃቸው ማኅተማቸውን አሳረፉበት።

«እትዬ፣ መኪና የለኝም እኮ።»

«ቦታ አለሽ። ለሌላ ሰው አላከራየውም።»

በማግስቱ እሑድ የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ነበር። ካዙሃ ባንዲራ ልትይዝ ቃሏን ሰጥታ ነበርና በብስክሌቷ ተራራውን ወጣች። ዝም ልትል ነበር፣ እውነቱን ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ነውር የሠራው ሳይሆን ነውሩን በሰው ፊት ያወጣው ነው የሚወቀሰው፤ «አየሩን አበላሸ» ይባላል። ይሄን እያወቀች ዝም ልትል ነበር።

ገና ኮን ሳይደረደር ማሂሮ እየሮጠ መጣ። ማሂሮ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ወር ያልሞላው የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነው፤ ከእሷ ጋር ኮን የሚያነሳው እሱ ነው።

«እትዬ ኦባታ፣ ጋሼ ቶጋሺ መኪና አገኙልኝ! ብርማ፣ ባለ ሁለት በር! ከሥሯ ሁሉ አዲስ ተቀብታለች፤ ሃምሳ ሺህም ቀንሰውልኛል! ነገ ላትም ነው!»

ካዙሃ እጇን ወደ ኪሷ ሰደደች፤ የትናንቱ ዝገት እንደተጠቀለለ አለ። ያ በመዶሻ የበሳችው ቀዳዳ በአንድ ሌሊት ተደፍኖ እንደገና ጥቁር ተቀብቶ ይሆናል። በማን እጅ እንደተቀባም ታውቃለች።

የቶጋሺ ተራ ደረሰ። መኪናውን መሥመሩ ላይ አቁሞ ሞተሩን አስጮኸ። ካዙሃ ፊት ለፊቱ ቆመችና ባንዲራውን አነሳች።

አላወረደችውም።

ሰዓት ያዡ ቀና አለ። ቶጋሺ አንድ ጊዜ ጡሩምባ ነፋ። የክበቡ ሊቀ መንበር ከዳር ሆኖ፣ «ኦባታ፣ አውርጂው እንጂ!» አለ።

«አላወርድም።»

«ምነው፣ ክንድሽ ደረቀ?» አለ አንዱና ሰዉ ሣቀ።

«ቶጋሺ፣ ውረድ» አለች።

ሣቁ እዚያው ላይ ቀጥ አለ። ጋሼ የለ፣ እርስዎ የለ። በዚያ ክበብ ውስጥ አንድ ታናሽ ታላቁን እንዲህ ብሎ ሲጠራ ተሰምቶ አያውቅም። ቶጋሺ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «በኋላ እናወራለን» አለ።

«አሁን። ለእኔ አይደለም፤ ለማሂሮ ንገረው። ትናንት በመዶሻ ስመታው ከጥቁሩ ቀለም ሥር ምን እንደረገፈ ንገረው።»

በአንድ እጇ ባንዲራውን ከፍ እንዳደረገች በሌላው ኪሷ ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጥታ የመኪናው ኮፈን ላይ ዘረገፈችው። ሞተሩ በሚንቀጠቀጥ ቁጥር ዝገቱ ኮፈኑ ላይ ይንቀሳቀሳል። ማሂሮ ቀረብ ብሎ አየው። በጣቱ ነካው፤ ተፈረፈረ።

ቶጋሺ ሞተሩን አጠፋ። ሄልሜቱን አወለቀ። አንድ ነገር አጉረመረመ።

«አልሰማሁም» አለ ማሂሮ።

«በስብሷል። ከበሩ ሥር ያለው ብረት በስብሷል። እኔ ነኝ የቀባሁት።»

ነፋሱ የደረቀ ሣር ሽታ ይዞ ከተራራው ወረደ። በመጨረሻ ሊቀ መንበሩ ራሱን አከከና ወደ ቶጋሺ ሳይሆን ወደ ካዙሃ ዞረ። «ኦባታ፣ ይሄን ለብቻው ጠርቶ መንገር አይቻልም ነበር? ዛሬ የዓመቱ መጨረሻ ነው፤ ሰው ደስ ብሎት በመጣበት ቀን…»

ይሄው! አላልኳችሁም? የበሰበሰ ብረት ለልጅ ሊሸጥ ሲል አየሩ አልተበላሸም፤ እሷ አፏን ስትከፍት ተበላሸ!

ካዙሃ ባንዲራውን ያኔ አወረደችው። በመስኮቱ በኩል ቶጋሺ ጭን ላይ አስቀመጠችለት። «ያዘው» አለችው። «ሁለት ዓመት ይዤዋለሁ፤ ከባድ አይደለም።»

ብስክሌቷን አንስታ ቁልቁለቱን ጀመረች። ጥቂት እንደሄደች ከኋላዋ የሚሮጥ ኮቴ ሰማች። ማሂሮ ነው፤ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«እትዬ፣ እባክዎ… ሌላ መኪና ሳይ አብረውኝ ይሄዳሉ? መዶሻውን ይዘው?»

ካዙሃ ፍሬን ያዘች። «መዶሻው የእትዬ ሚትሱ ነው፤ እለምንልሃለሁ» አለችው። ከዚያ ትንሽ አሰበችና፣ «ግን መጀመሪያ የእኔን እንመርጣለን» አለች።

«እሺ» አለ ማሂሮ፤ ብስክሌቱን ሊያመጣም ተመልሶ ሮጠ።